በመሪ የሚካሄድ የቡድን የተራራ ጉዞ፦ የትኛው ዓይነት ለማን ይሆናል?

የአስጎብኚ ድርጅቶችን ማስታወቂያ ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው ሁሉም አንድ ዓይነት እንደሆኑ ሳያስተውል አይቀርም። ሁሉም ዘንድ ጀንበር ስትወጣ ገደል አፋፍ ላይ እጁን ዘርግቶ የቆመ ሰው አለ። ሁሉም «ልምድ ያላቸው መሪዎች» አሏቸው፣ የሁሉም ቡድን «አነስተኛ» ነው፣ የሁሉም መንገድ «ሰው ያልረገጠው» ነው። በዚህ ላይ ተመሥርቶ የሚመርጥ ሰው መጨረሻው ዋጋ ማወዳደር ብቻ ይሆናል። ዋጋ ደግሞ ከመኪና መንገድ የሦስት ቀን እርምጃ ርቃችሁ ባላችሁበት ሌሊት አንድ ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ምን እንደሚደረግ አይነግራችሁም።

ሁለት ጉዞዎች ሳወዳድር እኔ መጀመሪያ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። በየሌሊቱ የሚታደረው ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ነው? ጭነቱን ማን ይሸከማል? ከቡድኑ አንድ ሰው መቀጠል ቢያቅተው ማን ይዞት ይወርዳል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ቀጥተኛ መልስ ያለው ድርጅት ሌላውም ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የተስተካከለ ነው። መልሱን የሚያድበሰብስ ከሆነ ግን ፎቶው የቱንም ያህል ቢያምር ይቅርባችሁ።

ጣሪያ ሥር፣ ድንኳን ውስጥ፣ ወይስ ሁሉን በጀርባ

በመሪ የሚካሄዱ የተራራ ጉዞዎች ስማቸው ብዙ ነው፤ በአዳራቸው ሲታዩ ግን ሦስት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው ከማረፊያ ቤት ወደ ማረፊያ ቤት የሚሄደው ነው። ቀኑን ሙሉ ተጉዛችሁ ማታ ጣሪያ ሥር ትገባላችሁ፤ እራት ተሠርቶ ይጠብቃችኋል፣ አልጋ አለ፣ ጫማ የሚደርቅበት ቦታ አለ። ሞንት ብላንን ዙሪያውን የሚዞረው መንገድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፈረንሳይን፣ ጣሊያንንና ስዊዘርላንድን እያቋረጠ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ዳገቱ ሁሉ ሲደመር ወደ 10,000 ሜትር ይጠጋል። ከፍተኛው መተላለፊያ ግን 2,665 ሜትር ላይ ስለሆነ የሚፈትናችሁ ጉልበታችሁን እንጂ ሳንባችሁን አይደለም። በኔፓል ወደ ኤቨረስት ቤዝ ካምፕ (ከተራራው ሥር ወዳለው ሰፈር) የሚወስደው መንገድም እንዲሁ ከማረፊያ ቤት ወደ ማረፊያ ቤት የሚኬድበት ነው፤ መድረሻው ግን 5,364 ሜትር ላይ ነው። አልጋ ስላለ ብቻ ጉዞው ቀላል ይሆናል ብሎ ማሰብ ብዙ ሰው ያሳስታል።

የማረፊያ ቤት ትልቁ ጥቅም ቦርሳ ማቅለሉ ነው። ድንኳን፣ ምድጃና የሳምንት ስንቅ የለም፤ ቅያሪ ልብስና የዝናብ ልብሳችሁን ይዛችሁ፣ ውኃ ሞልታችሁ መሄድ ነው። ጉዳቱ መንገዱ ሰው የሚበዛበት መሆኑ ነው። ታዋቂ በሆኑት መንገዶች ላይ አልጋ ከወራት በፊት ያልቃል፤ ከማታውቁት ሰው ጋር በአንድ ክፍል ማደርም የግድ ነው። እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ የጆሮ መድፈኛ ከጫማችሁ ቀጥሎ ዋና ዕቃችሁ መሆኑን ዕወቁ። ጸጥታና ሰው አልባ ሸለቆ ፍለጋ የወጣ ሰው ግን እዚህ አያገኘውም።

ሁለተኛው ሙሉ ድጋፍ ያለው የድንኳን ጉዞ ነው። ምግብ አብሳይ፣ ተሸካሚዎች ወይም በቅሎዎች፣ መሪና ረዳት መሪ ይኖራሉ፤ እናንተ የምትይዙት የቀን ቦርሳ ብቻ ነው። ኪሊማንጃሮ ቤት ውስጥ ከሚታደርበት ከማራንጉ መንገድ በስተቀር እንዲህ ነው፣ የፔሩው የኢንካ መንገድ እንዲህ ነው፣ ጭነቱ በበቅሎ የሚሄድበትና የፓርኩ ስካውት (ጠባቂ) አብሮ የሚጓዝበት የሰሜን ተራሮች ጉዞም እንዲህ ነው። ኪሊማንጃሮ ላይ ለአንድ ተጓዥ ሦስትና አራት ሠራተኛ አብሮ ሊወጣ ይችላል። የስምንት ሰው ቡድን ስትሉ የሰላሳ ሰው ሰፈር ማለታችሁ ነው። ይህ አንዳንዱን ሰው ያሳፍረዋል፤ እኔ ግን ሰዎቹ በአግባቡ እስከተከፈላቸውና እስከለበሱ ድረስ የሚያሳፍር ነገር አይታየኝም።

ድንኳን ሲባል ምን እንደሆነ በግልጽ የሚነግራችሁ ማስታወቂያ ግን አይገኝም። 4,000 ሜትር ላይ ሌሊት ትንፋሻችሁ የድንኳኑ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በረዶ ሆኖ ይጋገራል፤ ጠዋት ጀርባችሁ ሲነካው ፊታችሁ ላይ ይረግፋል። የውኃ ዕቃችሁን ገልብጣችሁ ካላቆማችሁት ክዳኑ በበረዶ ይያዛል። የነገውን ካልሲና የስልኩን ባትሪ የመኝታ ከረጢታችሁ ውስጥ ይዛችሁ ትተኛላችሁ። ሽንት ቤት ደግሞ ጉድጓድ ነው፤ የተሻለ ድርጅት በላዩ ትንሽ ድንኳን ይተክልበታል። ይህን አንብቦ ፊቱን ያጨማደደ ሰው ወደ መጀመሪያው ዓይነት ቢመለስ ማንም አይፈርድበትም።

ሦስተኛው ሁሉንም በራስ ጀርባ የሚሸከሙበት ነው። መሪ አለ፣ ቡድን አለ፣ ተሸካሚ ግን የለም። ድንኳን፣ ምድጃ፣ ጋዝና ምግብ በየሰው ይከፋፈላል፤ የአንድ ሰው ሸክም 20 ኪሎ ቢያልፍ አይገርምም። አላስካ ውስጥ ያለው የአርክቲክ በሮች ብሔራዊ ፓርክ የዚህ ዓይነት ጉዞ ጥግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመ ሲሆን በውስጡ መኪና መንገድ ቀርቶ የእግር መንገድ እንኳን አልተሠራም። አብዛኛው ቡድን በትንሽ አውሮፕላን ሐይቅ ወይም የወንዝ ዳር ጠጠር ላይ ይወርዳል፤ አውሮፕላኑ ተመልሶ የሚመጣው በቀጠሮው ቀን ነው፣ ያውም ደመናው ከፈቀደ። ምግብ ድብ በማይከፍተው ዕቃ ይያዛል።

እዚህ የመሪው ሥራ መልኩ ይለወጣል። መንገድ ስለሌለ መንገድ የሚያወጣው እሱ ነው። የበረዶ ውኃ የሚመግበው ወንዝ ሌሊት ቅዝቃዜው ማቅለጡን ስለሚያቀዘቅዘው ጠዋት ዝቅ ይላል፣ ፀሐይ ስትበረታ ከሰዓት በኋላ ይሞላል፤ ስለዚህ ቡድኑን ንጋት ላይ ቀስቅሶ ማሻገር ወይም ወንዙ ዳር አሳድሮ መጠበቅ የእሱ ውሳኔ ነው። «ለጀማሪም ይሆናል» የሚል የዚህ ዓይነት ጉዞ ካያችሁ ተጠራጠሩ። ሙሉ ሸክም ይዞ ቢያንስ ሁለት ሌሊት አድሮ የማያውቅ ሰው እዚህ መጀመር የለበትም።

የአዳር ከፍታውን በአንድ መስመር ጻፉት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መድረሻችሁ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከምንም በፊት ወረቀት አውጥታችሁ የየሌሊቱን የአዳር ከፍታ በአንድ መስመር ጻፉ። የሁለት ድርጅቶችን መስመር አንዱን ከአንዱ ሥር አስቀምጡ። ልዩነቱ ያን ጊዜ ራሱ ይናገራል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። 5,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባህር ወለል ላይ ካለው ግማሽ ያህሉ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሰውነት ይህን ይለምዳል፣ ግን ቀናት ይፈልጋል። የተራራ ሕክምና ባለሙያዎች የሚመክሩት ከ3,000 ሜትር በላይ የአዳር ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስት በየአራት ቀኑም አንድ ተጨማሪ ሌሊት እዚያው እንዲታደር ነው። ልብ በሉ፤ የሚቆጠረው የሚታደርበት ከፍታ ነው። ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም ይረዳል።

ይህን ይዛችሁ ኪሊማንጃሮን ተመልከቱ። የአምስት ቀኑ የማራንጉ ጉዞ አዳሩ እንዲህ ነው፦ ማንዳራ 2,720 ሜትር ገደማ፣ ሆሮምቦ 3,720፣ ኪቦ 4,700። ከዚያ እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥቶ ወደ 5,895። በየሌሊቱ አንድ ሺህ ሜትር እየጨመሩ ነው ማለት ነው፤ ከምክሩ እጥፍ። የስድስት ቀኑ ሆሮምቦ ላይ አንድ ሌሊት ይጨምራል፣ ይሻላል። ለሞሾ በሚባለው ሌላ መንገድ የሚሄደው የስምንት ቀን ጉዞ ደግሞ ሽራ ከሚባለው ሜዳ ጀምሮ ሦስት ሌሊት ያህል በ3,800 እና በ4,000 ሜትር መካከል ያሳድራል፤ በመካከሉ ቀን ላይ ላቫ ታወር ወደሚባለው 4,600 ሜትር ገደማ ቦታ ወጥቶ ባራንኮ ወደሚባለው ሰፈር ወርዶ ይታደራል። ተራራው አንድ ነው፣ ጫፉ አንድ ነው፤ ሰውነታችሁ የሚያገኘው ጊዜ ግን ሰማይና ምድር ነው።

አጭሩ ጉዞ ለምን ርካሽ እንደሆነ ደግሞ ሚስጥር የለውም። የፓርኩ ክፍያ በቀን የሚታሰብ ነው፤ ቀን በተቀነሰ ቁጥር የፓርክ ክፍያ፣ የሠራተኛ ደሞዝና ምግብ አብሮ ይቀንሳል። ቅናሹ የመጣው ከአመቻቾቹ ቸርነት ሳይሆን ሰውነታችሁ ሊለምድበት ከሚገባው ቀን ላይ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል፤ ሁለት ቀን ቆጥቦ ከጫፉ በታች ታሞ የተመለሰ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሙሉውን ይከፍላል።

ኤቨረስት ቤዝ ካምፕም በዚሁ ዓይን ይታይ። በመንገዱ ላይ ካሉት ቦታዎች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ሉክላ 2,860 ሜትር ገደማ፣ ናምቼ 3,440፣ ዲንግቦቼ 4,410፣ ጎራክ ሼፕ 5,160 ገደማ። ደህና መርሐ ግብር ናምቼ ላይ ሁለት ሌሊት፣ ዲንግቦቼ ላይም ሁለት ሌሊት ያሳድራል። ከሁለቱ አንዱን የዘለለ ካያችሁ ለምን እንደዘለለ ጠይቁ። «የእኛ ተጓዦች ጠንካሮች ስለሆኑ» የሚል መልስ ቢመጣ ንግግሩን እዚያው አቁሙ። ሯጭ መሆን ወይም ወጣት መሆን ከከፍታ ሕመም አያድንም፤ እንዲያውም ጉልበት ያለው ሰው ፈጥኖ ስለሚወጣ ቀድሞ ሲታመም የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሕመሙ ሲጀምር ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና የእንቅልፍ ማጣት ነው። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው ከፍታ ሳይጨምር እዚያው ቢያርፍ አብዛኛውን ጊዜ ይሻለዋል። እየባሰበት የሚሄድ ከሆነ፣ በተለይ ቁጭ ብሎም ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ቀጥ ባለ መስመር መራመድ የሚያቅተው ከሆነ ሳንባው ወይም አንጎሉ ውኃ እየያዘ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መውረድ ነው። አሴታዞላማይድ የሚባለው ክኒን ሰውነት ከፍታን ቶሎ እንዲለምድ ይረዳል። ለእናንተ ይስማማ እንደሆነ የሚነግራችሁ ግን ሐኪም እንጂ የቡድን ጓደኛ አይደለም።

ጉዞው ከ2,500 ሜትር በታች ከሆነ ይህን ሁሉ ተዉትና ዳገትና ቁልቁለቱን ቁጠሩ። «ቀላል»፣ «መካከለኛ»፣ «ከባድ» የሚለውን ደረጃ እያንዳንዱ ድርጅት በራሱ ሚዛን ስለሚያወጣው እኔ አላየውም። በሱ ፋንታ እ.ኤ.አ. በ1892 ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ያወጣው ስሌት አለ፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። 15 ኪሎ ሜትር ከ900 ሜትር ዳገት ጋር ያለው ቀን አራት ሰዓት ተኩል ይወጣዋል፤ ያለ እረፍት፣ ያለ ምሳ፣ ያለ ፎቶ። ቡድን ውስጥ ይህ ስድስት ሰባት ሰዓት ይሆናል። ቁልቁለት በስሌቱ ውስጥ የለም፤ የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው ግን ከዳገቱ ይልቅ 1,000 ሜትር የሚወረድበትን ቀን ይፍራ።

ከማን ጋር ነው የምትሄዱት

ቡድን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ድርጅቱ ቀን ቆርጦ ከየቦታው የሚመጡ ሰዎችን የሚያሰባስብበት ክፍት ቡድን ነው፣ ሁለተኛው ራሳችሁ ጓደኛና ዘመድ ሰብስባችሁ የምትከራዩት። ለብቻው ለሚመጣ ሰው ክፍት ቡድን ይረክሳል፤ ሆኖም ድንኳን ከማያውቁት ሰው ጋር መጋራት አለ፣ ለብቻ ማደር ከፈለጋችሁ ተጨማሪ ክፍያ አለው። የራስ ቡድን ደግሞ መርሐ ግብሩን እንደፈለጉ ማስረዘም ያስችላል፤ ከፍ ላለ ተራራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰው ብዙ የማያስበው የራስ ቡድን ችግር አለ። ጓደኛሞች ሲሆኑ ይሉኝታው ይበዛል። ራሱን ያመመው ሰው «እናንተን ላላስቀር» ብሎ ይደብቃል፣ የደከመው «ደህና ነኝ» እያለ ይከተላል። ከማያውቃቸው ጋር የሚሄድ ሰው ሕመሙን ለመሪው መናገር ይቀለዋል። ጓደኛ ሰብስባችሁ የምትሄዱ ከሆነ ማታ ማታ መሪው እያንዳንዱን ሰው ለብቻው እንዲጠይቅ ከመነሻው ተስማሙ።

የቡድኑ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። አሥራ ሁለት ሰው ከሦስት መሪ ጋር፣ ስድስት ሰው ከአንድ መሪ ጋር ከመሄዱ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም ታማሚ ይዞ የሚወርድ ሰው ያስፈልጋል፤ መሪው አንድ ብቻ ከሆነ ወይ ሁሉም ይመለሳል፣ ወይ ታማሚው ከተሸካሚ ጋር ይላካል፣ ወይ የቀሩት ያለ መሪ ይቀጥላሉ። ሦስቱም አይወደዱም። ስለዚህ ለድርጅቱ የምትጽፉት ጥያቄ እንዲህ ይሁን፦ «በአራተኛው ቀን አንድ ሰው ቢታመም ይዞት የሚወርደው ማን ነው? የቀረነውስ ከማን ጋር እንቀጥላለን?» ጥሩ መልስ የሥራ ድርሻ ይጠቅሳል፣ የሚወረድበትን መንገድና የሚወስደውን ሰዓት ይናገራል። «አታስቡ፣ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞን አያውቅም» የሚለው መልስ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ወይ ብዙ ተጓዥ ወስደው አያውቁም፣ ወይ እውነቱን አይነግሯችሁም።

መሪውን በምን ታውቁታላችሁ

አንዳንድ ተራራ ላይ መሪ መያዝ ምርጫ አይደለም። ኪሊማንጃሮ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ያለ መሪ አይወጣም፤ የኢንካ መንገድም ፈቃድ ካለው ድርጅት ውጭ አይኬድም፣ በቀን የሚገባው ሰው ከመሪና ከተሸካሚ ጋር ተደምሮ 500 ብቻ ነው። ኔፓልም እ.ኤ.አ. በ2023 የውጭ አገር ተጓዥ በአብዛኛው የእግር ጉዞ መንገድ ፈቃድ ያለው መሪ እንዲይዝ የሚል ደንብ አውጥታለች። ስለዚህ ጥያቄው የትኛው መሪ የሚለው ነው።

ወረቀቶቹን በተመለከተ ሁለት ነገር አይምታታባችሁ። በእግር ለሚኬድ ጉዞ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ የተራራ መሪ ማረጋገጫ አንድ ነው፤ ገመድና የበረዶ መጥረቢያ ለሚጠይቅ አቀበትና ለበረዶ ግግር የሚሰጠው የተራራ ጋይድ ማረጋገጫ ሌላ ነው፣ ሥልጠናውም ይረዝማል። መንገዳችሁ ስንጥቅ ያለበት የበረዶ ግግር የሚያቋርጥ ከሆነ ሁለተኛውን ጠይቁ። በብዙ አገር ደግሞ የሚሠራው የአገሩ ወይም የፓርኩ ፈቃድ ነው፤ የትኛው ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ከድርጅቱ ሳይሆን ከፓርኩ አጣሩ።

ከወረቀቱ በላይ እኔ የማምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መሪው ያንኑ መንገድ በዚያው ወቅት ሄዶበት ያውቃል ወይ? ሁለተኛ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናው ሆስፒታል በራቀበት ቦታ ለሚሠሩ ሰዎች የተዘጋጀው ነው ወይ? እሱ ከ70 እስከ 80 ሰዓት ይፈጃል፤ የአንድ ቀን ኮርስ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። አንዳንድ ድርጅት ከመነሻ አገር አንድ አጃቢ አብሮ ይልካል። ቋንቋ ለሚቸግረው ሰው ይጠቅማል፤ ግን በሰማዩ መልክ ዝናቡን የሚያውቀው የአካባቢው መሪ ነውና ሁለቱ ሲለያዩ የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ ቀድሞ መታወቅ አለበት።

ሸክሙ ሰው ጀርባ ላይ ሲሆን

ርካሽ ጉዞ ርካሽ የሚሆነው ከሁለት ቦታ ነው፦ ከቀን ቁጥር፣ ስለሱ ተናግረናል፣ ወይም ከተሸካሚው። ኪሊማንጃሮ በር ላይ የተሸካሚ ጭነት ሚዛን ላይ ይወጣል፤ የተፈቀደው 20 ኪሎ ነው። የእናንተን ዕቃ ብዙ ድርጅት 15 ኪሎ ላይ የሚገድበው ለዚህ ነው። «የፈለጋችሁትን ያህል ያዙ» የሚል ድርጅት ያንን ትርፍ ማን እንደሚሸከመው መንገር አለበት።

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ተሸካሚዎቹ ሌሊት የት ይተኛሉ? በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ? ለውርጭ የሚሆን ጫማና ጃኬት አላቸው? ሲታመሙ ማን ያሳክማቸዋል? እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ኪሊማንጃሮ ላይ የተሸካሚዎችን አያያዝ የሚከታተል ፕሮጀክት አለ፤ አብረውት የሚሠሩ ድርጅቶችም ዝርዝራቸው ይታወቃል። ተራራው ላይ ደግሞ ዓይናችሁን ክፈቱ። ዝናብ እየዘነበ እናንተ በምግብ ድንኳኑ ውስጥ በልታችሁ እስክትወጡ ተሸካሚዎቹ የመኝታ ቦታ ውጭ ሆነው የሚጠብቁ ከሆነ የከፈላችሁት ዋጋ የት እንደቀረ ገብቷችኋል። ጉርሻ ሲሰጥ በመሪው እጅ ብቻ ከሚያልፍ ሁሉም ባሉበት በየድርሻው ቢነገር ይሻላል።

ስልክ በማይሠራበት

ከቡድኑ ጋር ምን የመገናኛ መሣሪያ እንደሚሄድ ጠይቁ። የሳተላይት ስልክ ወይም ጽሑፍ የሚልክና የሚቀበል የሳተላይት መሣሪያ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ በ406 ሜጋኸርዝ የጭንቅ ምልክት ብቻ የሚልከው መሣሪያም ሕይወት ያድናል፣ ግን ምን እንደደረሰባችሁ ማስረዳት አይችልም። ከፍታ ላይ ከሆነ ኦክስጅን በሲሊንደር፣ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ፣ በጣም በራቀ ቦታ ደግሞ ታማሚው ገብቶበት ግፊት የሚጨመርበት ከረጢት መኖሩን አረጋግጡ።

ሄሊኮፕተር ይመጣል የሚለው ተስፋ ጭጋግ ሲወርድ ዋጋ የለውም፤ ሌሊትም አብዛኛው አይበርም። ሲመጣም ከፋይ ይፈልጋል። መድን ስትገዙ ሁለት መስመር ፈልጋችሁ አንብቡ፦ የሚሸፍነው እስከ ስንት ሜትር ከፍታ ነው፣ የተራራ ላይ ነፍስ አድን ሥራን ይጨምራል ወይ። ብዙ ተራ የጉዞ መድን ከፍታ ላይ ገደብ አለው፤ ገደቡም በትንንሽ ፊደል ነው የሚጻፈው።

ወቅትን በተመለከተ ባጭሩ፣ ወሮቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሆነው፦ ኢንካ መንገድ በየካቲት ወር በሙሉ ዝግ ነው፤ ኔፓል ጥርት የሚለው በጥቅምትና በኅዳር፣ ቀጥሎም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ሞንት ብላን ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ፤ ሰሜን ተራሮች ክረምቱ ከወጣ በኋላ። ሉክላን የመሰለ አየር ማረፊያ ላይ በረራ በደመና ምክንያት ለቀናት ሊቆም ስለሚችል ከዓለም አቀፍ በረራችሁ በፊት ሁለት ትርፍ ቀን የማይተው መርሐ ግብር ጥሩ መርሐ ግብር አይደለም።

እንግዲህ ለማን የትኛው

ተራራ ላይ አድሮ ለማያውቅ ሰው ዝቅ ባለ ከፍታ ከማረፊያ ቤት ወደ ማረፊያ ቤት የሚሄደውን፣ ያውም ክፍት ቡድን፣ እመርጣለሁ። ቢከፋ ከመንገዱ ወጥቶ አውቶቡስ መያዝ ይችላል። የእግር ጉዞ የለመደ፣ ከፍታን ግን ያልቀመሰ ሰው ሙሉ ድጋፍ ያለውን የድንኳን ጉዞ ይያዝ፤ ከሁለት ድርጅት የአዳር መስመሩ ዝግ ያለውን ይምረጥ፣ አንድ ቀን ለመጨመር የሚያወጣው ገንዘብ ከሁሉ የበለጠ የሚያዋጣው ነው። ከፍታ አስፈላጊያቸው ያልሆነ፣ ሰው አልባ ቦታ ብቻ የሚፈልጉ ሰዎች ደግሞ አሉ። እነዚህ ሰው የሚጨናነቅበትን ስመ ጥር ጫፍ ትተው ሸክም ተለማምደው ሦስተኛውን ዓይነት ቢሞክሩ የሚፈልጉትን ያገኛሉ። ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው ጭነቱ በበቅሎ የሚሄድበትን ቢመርጥ ደስ ይለኛል፤ የደከመ ልጅ በቅሎ ላይ ሊወጣ ይችላል፣ ተሸካሚ ላይ ግን አይወጣም።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ውሉ ላይ ጉዞው እንዲነሣ ስንት ሰው መሙላት እንዳለበት ፈልጉ። ብዙ ክፍት ቡድን ዝቅተኛ ቁጥር አለው፤ ካልሞላ ድርጅቱ ሊሰርዘው ይችላል፣ እስከ መቼ ድረስ መሰረዝ እንደሚችልም እዚያው ተጽፏል። ድርጅቱ የእናንተን ቀብድ ቢመልስ እንኳን የአውሮፕላን ትኬታችሁን አይከፍልላችሁም። ስለዚህ ጉዞው እንደሚነሣ በጽሑፍ ሳይረጋገጥላችሁ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት አትቁረጡ።